ባቡር ዓይን የለው፣ እንዴት ሐዲዱን ይስታል?

ጥያቄውን የላኩልኝ አንድ የአማርኛ መምህር ናቸው። ፈሊጣዊ አነጋገር ሲያስተምሩ «ውይይቱ ሐዲዱን ሳተ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን ያወጣና «መንገድ የሚስተው እኮ ዓይን ያለው ነው፤ ባቡር ዓይን የለው፣ መሪ የለው፣ እንዴት ብሎ ነው ሐዲዱን የሚስተው?» ይላቸዋል። መምህሩ «ጠይቄ እነግርሃለሁ» ብለውት እንዲህ ሲሉ ጻፉልኝ፦ «‹ሐዲዱን ሳተ› እና ‹ከሐዲዱ ወጣ› አንድ ናቸው ወይ? አነጋገሩ እንዴት ወደ አማርኛ ገባ? እውነተኛው ባቡርስ ከሐዲዱ የሚወጣው እንዴት ነው?»

መምህር፣ ከሁሉ አስቀድመው ለዚያ ልጅ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። እኔ የሐዲድ መሐንዲስ ነኝ፤ ሐዲድ ስለካ፣ ስመረምርና ሳስጠግን ነው ፀጉሬ የሸበተው። ልጁ በአንድ ትንፋሽ የጠየቀው፣ እኛ «ባቡር ወደቀ» ተብለን በሌሊት ስንጠራ ቦታው ላይ ደርሰን የምንጠይቀውን ነው። ልክም ነው። መሳት አማራጭ ያለው ፍጡር ሥራ ነው፤ ባቡር ከሐዲዱ ሌላ አማራጭ የለውም፣ ስለዚህ ሐዲዱን አይስትም። ከሐዲዱ ግን ይወጣል። «ሳተ» እና «ወጣ» የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ጥፋተኛ ይጠቁማል፣ ሌላው የሆነውን ብቻ ይናገራል። ይህ ልዩነት ለእኔ የቃላት ጨዋታ አይደለም፤ የምርመራ ሪፖርት ስንጽፍ የሰው እንጀራ የሚወሰንበት ልዩነት ነው።

ከቃሉ ልነሣ። «ሐዲድ» ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዐረብኛ ብረት ማለት ነው፣ ዐረቦች የባቡር መንገድን የሚጠሩትም «የብረት መንገድ» ብለው ነው። እኛ ለብረት የራሳችን ቃል ስለነበረን «ሐዲድ»ን የወሰድነው ባቡር ለሚሄድበት ብረት ብቻ ነው። መነሻው በዐረብኛ የጉሮሮ «ሐ» ስለሆነ በሐመሩ «ሐ» ቢጻፍ ይመረጣል፤ ተማሪዎችዎ በሃሌታው «ሀ» ቢጽፉት ግን አይቅጧቸው፣ ጋዜጦቹም ይቀላቅሉታል። «ባቡር» ደግሞ ከሐዲድ የራቀ መንገድ ተጉዟል። እንፋሎት ማለት ከሆነው ከፈረንሳይኛው «ቫፐር» እና ከጣልያንኛው «ቫፖሬ» ተነሥቶ፣ በዐረብኛ አፍ «ባቡር» ሆኖ ነው የደረሰን። ቃሉ መጀመሪያ ላይ በእንፋሎት የሚሠራውን ሞተር ሁሉ፣ መርከቡንም ጭምር ይጠራ ስለነበር ነው በየብስ የሚሄደው «ምድር ባቡር» የተባለው። በገጠር በሞተር የሚሠራውን ወፍጮ «ባቡር» ሲሉ የሚሰሙ ከሆነ፣ የዚያው የጥንቱ ትርጉም ቅሪት ነው። ለገሃር «ጣቢያው» ከሚለው የፈረንሳይኛ «ላ ጋር» መጣ፤ ፉርጎም ከዚያው ከፈረንሳይኛ «ፉርጎን» ነው።

እነዚህ ሁሉ ቃላት የገቡት በአንድ መሥመር ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ፤ ፈረንሳዊው ሌዎን ሸፍኖ ባልደረባው ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ፣ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ ገንዘብ አልቆ ኩባንያው ከስሮ በሌላ ተተካ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። 784 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል 1 ሜትር ስፋት ያለው መሥመር ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣ ነበር። የሐረርን ነገር ማንሣት ይገባኛል። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ለመግባት ነበር፤ ዳገቱ ስለከበደ ሐዲዱ ቆላውን ይዞ ቀረ፣ ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ተወለደች። ሐዲዱ ሐረርን ሳተ ቢባል ያስኬዳል፤ እዚያ ውስጥ ያየ፣ የለካና የመረጠ ሰው ነበረና።

«ሳተ» የሚለው ግሥ ግን ከባቡሩ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ግእዙ «ስሕተ» ነው፤ ስሕተት፣ መሳሳት፣ ማሳሳት ሁሉ የዚያው ቤተሰብ ናቸው። ዒላማ ሳተ፣ ጎዳና ሳተ፣ ልቡን ሳተ፣ ራሱን ሳተ እንላለን። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ባለቤቱ ሊይዘው የሚገባውን ነገር ያጣ ነው፤ ተኳሹ ዒላማውን፣ መንገደኛው ጎዳናውን፣ የታመመው ራሱን። ሐዲድ የሚባል ነገር ሲመጣ ተናጋሪው አዲስ ግሥ መፈለግ አላስፈለገውም፤ ጎዳና በነበረበት ቦታ ሐዲድን ተካበት። «ሐዲዱን ሳተ» የበቅሎ መንገድ አነጋገር ነው፤ በብረት መንገድ ላይ የተጫነ። በቅሎ እርግጥ መንገድ ትስታለች። ጨለማ ያሳስታታል፣ ሣር ያማልላታል፣ ጋላቢዋ ያንቀላፋል፣ ጉልበትዋን ተማምና አቋራጭ ትይዛለች። ልጁን ያስቸገረው ይህ ነው፤ ግሡ ስለ በቅሎ ይናገራል፣ ስሙ ስለ ባቡር።

አሁን ወደ ብረቱ። የባቡር ነጂ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ሰው የሚፈልገውና የሚያጣው መሪ ነው። ፍጥነት መጨመሪያ አለ፣ ፍሬን አለ፣ ጡሩምባ አለ፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያዞር ነገር የለም። ነጂው የሚወስነው መቼ እንደሚሄድ፣ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድና የት እንደሚቆም ነው። ወዴት የሚለውን የወሰነው ሐዲዱን የዘረጋው ሰው ነው።

ታዲያ ያለ መሪ እንዴት ይታጠፋል? ብዙ ሰው የሚይዘው ከጎማው ውስጠኛ ጎን ያለው ከንፈር ይመስለዋል፤ በባለሙያ አፍ ፍላንጅ የምንለው። ፍላንጁ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያለው ጠርዝ ነው፤ ሥራው ግን የመጨረሻ ዘብነት ነው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ደኅና ሐዲድና ደኅና ጎማ ከተገናኙ ፍላንጁ ሐዲዱን መንካት የለበትም። ጥብቅ ጥምዝ ላይ ባቡር የሚያሰማው ጆሮ የሚሰነጥቅ የብረት ጩኸት ጎማና ሐዲድ ወደ ጎን ሲፋተጉ የሚወጣ ነው።

ዋናውን ሥራ የሚሠራው የጎማው ቅርጽ ነው። ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቆርቆሮ ጣሳ ልሙጥና ቀጥ ያለ ይመስላል፤ እጅዎን ቢያሳልፉበት ግን ከውስጥ ወፍሮ ወደ ውጭ እየቀጠነ ይሄዳል። በየ20 ሚሊ ሜትሩ 1 ሚሊ ሜትር፣ በአንዳንዱ አሠራር በየ40ው 1 ነው የሚቀጥነው። ይህን ያህል ትንሽ ነው። ሁለቱ ጎማዎች ደግሞ በአንድ ወፍራም የብረት ዘንግ ላይ በኃይል ተጨምቀው የገቡ ናቸው፤ እንደ መኪና ጎማ አንዱ ፈጠን ሌላው ዘግየት ማለት አይችሉም፣ አንድ ዙር ከዞሩ እኩል ነው የሚዞሩት። አሁን ዘንጉ በሆነ ምክንያት ትንሽ ወደ ቀኝ ሸሸ እንበል። የቀኙ ጎማ በወፍራም ክፍሉ ሐዲዱ ላይ ይቆማል፣ የግራው በቀጭኑ። ወፍራሙ በአንድ ዙር ረጅም መንገድ ይሄዳል፣ ቀጭኑ አጭር። ቀኙ ስለሚቀድም ዘንጉ ፊቱን ወደ ግራ ያዞርና ወደ መሐል ይመለሳል። ከመሐል አልፎ ወደ ግራ ከሸሸ ደግሞ በተራው ወደ ቀኝ ይመለሳል። ማንም ሳያየው፣ ማንም ሳያዘው። በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ፉርጎ ውስጥ ተቀምጠው ወገብዎን ወዲያና ወዲህ የሚያወዛውዝዎ ነገር አንዱ ይኸው ነው።

ጎማው ሐዲዱን የሚነካው በምን ያህል ቦታ እንደሆነ ልጁን ያስገምቱት። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው። አንድ የተጫነ የዕቃ ፉርጎ 80 ቶን ቢመዝንና 8 ጎማ ቢኖረው፣ በእያንዳንዷ ጥፍር ላይ 10 ቶን ያርፋል። ይህን ያየሁ ሰው ስለሆንኩ ሐዲድ ላይ አንዲት ስንጥቅ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ባቡር እንዴት ይወጣል ለሚለው፣ የመጀመሪያውን ትምህርቴን የወሰድኩበትን ሌሊት ልንገርዎት። ገና ወጣት ነበርኩ። ሦስት ፉርጎዎች ወድቀዋል ተባለና ጋሼ ከምንላቸው ከአንድ የሐዲድ ክትትል ኃላፊ ጋር ሄድኩ። ስንደርስ አንደኛው ፉርጎ በጎኑ ተኝቷል፣ ሁለቱ ጠጠሩ ውስጥ እስከ ዘንጋቸው ተቀብረው ቆመዋል፣ ሰው ሁሉ በመብራት ከብቦ ያያቸዋል። እኔም ከብቤ ማየት ጀመርኩ። ጋሼ ግን ፉርጎዎቹን በአንድ ዓይን ገረፍ አድርገው ጀርባቸውን ሰጡና፣ ባቡሩ ወደመጣበት አቅጣጫ ባትሪያቸውን ሐዲዱ ላይ አጋድመው እያበሩ ጎንበስ ብለው መሄድ ጀመሩ። ተከተልኳቸው። «እሱ የወደቀበት ነው፤ እኛ የምንፈልገው የወጣበትን ነው» አሉኝ።

መጀመሪያ ያገኘነው የተሰባበሩ ብሎኖች ነበሩ፤ የወረደ ጎማ ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፉትን ስሊፐሮች እየደበደበ ሲያልፍ የቆረጣቸው። ምልክቶቹ ወደ ኋላ ስንሄድ እየቀለሉ መጡ፣ በመጨረሻ አንድ ስሊፐር ጠርዝ ላይ የመጀመሪያዋ ቁስል ታየች። ጎማው ሐዲዱን ለቆ መሬት የነካው እዚያ ነው። ጋሼ አላቆሙም። ከዚያ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ በሐዲዱ የላይኛ ፊት ላይ፣ ጎማ እየሄደበት በሚያብረቀርቀው ብረት ላይ፣ ከውስጥ ጠርዝ ተነሥታ ወደ ውጭ ጠርዝ በሰያፍ የምትሻገር ቀጭን ጭረት ነበረች። በመርፌ የተሰመረች ነው የምትመስለው። ፍላንጁ ሐዲዱ ጫፍ ላይ ወጥቶ በአናቱ ተንከባልሎ የተሻገረበት መንገድ ነው። እሷን በጠመኔ ከበቧት።

እዚያ ከቆምን በኋላ ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። የዝናብ ውሃ መሄጃው ተደፍኖ ስለነበር ጎርፉ ከአንደኛው ሐዲድ ሥር ጠጠሩን አጥቦታል። ሐዲዱን ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው፤ ክብደት ሲያርፍበት ግን አንዱ ጎን ይሰምጣል፣ መንገዱ እንደተጠመዘዘ ጣውላ ይሆናል። አራት እግሩ እኩል ያልሆነ ጠረጴዛ ወለል ላይ ሲቀመጥ አንዱ እግሩ እንደሚንጠለጠል፣ የፉርጎውም አንድ ጎማ ይቀልላል። ክብደት የቀለለው ጎማ ከጎን ግፊት ሲመጣበት ይወጣል። በሐዲድ ሙያ ሁሉም ስሌት ዞሮ ዞሮ ወደዚህ ጥያቄ ይመጣል፦ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ወደ ታች ከሚጫነው ኃይል ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ንጽጽሩ ከልክ ሲያልፍ ጎማው ይወጣል። ነጂው ያንን ሌሊት በተፈቀደለት ፍጥነት ነው የነዳው። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ «ባቡሩ ሐዲዱን ስቶ» ሲል ስሰማ የነጂው ፊት ነው ትዝ ያለኝ። ሐዲዱ ነው ባቡሩን የሳተው።

ሌሎች መውጫዎችም አሉ። ስሊፐሩ ሲበሰብስ ወይም ማሰሪያው ሲላላ ሁለቱ ሐዲዶች ይራራቁና ጎማው መሐል ይወርዳል። ሐዲድ ይሰበራል። ጭነት በአንድ ጎን ያደላል። ሙቀትም አለ፤ ይህን የአፋርን ቆላ የሚያውቅ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፤ 1 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከሌሊቱ ቅዝቃዜ እስከ ቀኑ ሐሩር 40 ዲግሪ ቢሞቅና ማንም ባይዘው ወደ ግማሽ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የድሮው አሠራር በየአጭር ርዝመቱ ክፍተት እየተወ በብሎን ያያይዘው ነበር፤ አባቶቻችን «የባቡሩ ድምፅ» የሚሉት ያ ተመላላሽ ምት ጎማው ያንን ክፍተት ሲያልፍ የሚሰማ ነው። የዘመኑ ሐዲድ ግን ተበይዶ ይያያዝና በማሰሪያ፣ በስሊፐርና በጠጠር ክብደት እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል። የመርዘም ጉልበቱ እዚያው ውስጥ ታምቆ ይቀመጣል። ጠጠሩ ከሳሳ ሐዲዱ አንድ ከሰዓት በኋላ በድንገት ወደ ጎን እንደ እባብ ይጣመማል። ከጠጠሩ ላይ እየዛቁ ለቤት ሥራ የሚወስዱ ሰዎችን ባገኘሁ ቁጥር ቆሜ የማስረዳው ለዚህ ነው፤ እሱ ጠጠር አይደለም፣ መቀመጫ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ የነጂው እጅ በቀጥታ የሚገባበት ፍጥነት ነው። ጥምዝ ላይ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በ40 ኪሎ ሜትር የሚታለፍ ጥምዝ በ80 ሲገባበት ሌላ ጥምዝ ነው። ጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አካባቢ የሰው ማመላለሻ ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጥምዝ ላይ ያለ ድልድይ ውስጥ ገባ፤ ፉርጎዎቹ ከሐዲዱ ወጥተው ገደል ገቡ፣ ከ400 በላይ ሰው ሞተ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። «ሐዲዱን ሳተ» የሚለውን አነጋገር በቀልድ መሐል ስሰማ ፊቴ የሚለወጠው ስለዚያ ድልድይ ነው፤ መምህር፣ ክፍል ውስጥ ሲያስተምሩት ይህን አንድ ጊዜ ቢያነሡት ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ከመውጣትም ከመሳትም ይለያል፤ ብዙ ሰው «ሐዲዱን ሳተ» ሲል ሊናገር የፈለገውም ይህንን ይመስለኛል። ሐዲድ ሁለት በሚሆንበት ቦታ መለወጫ አለ። ሁለት እንደ ቢላዋ የሾሉ ረጃጅም ብረቶች ናቸው፤ ወደ አንዱ ወገን ሲገፉ አንደኛው ከዋናው ሐዲድ ጋር ይጣበቅና የባቡሩን መንገድ ይወስናሉ። በድሮው መሥመር ሰው በእጁ ዘንግ እየሳበ ይለውጠው ነበር፣ ዛሬ ሞተርና መቆለፊያ አለው። መለወጫው በስሕተት ወደ ግራ ከተያዘ ባቡሩ ወደ ግራ ይሄዳል፣ በሰላም፣ ሳይንገጫገጭ፣ ሁሉም ጎማ በቦታው ሆኖ። ሐዲዱን አልሳተም፣ ከሐዲዱም አልወጣም፤ የሚሄድበት ሐዲድ ነው የእሱ ያልሆነው። ተሳፋሪው የሚያውቀው የጠበቀው ጣቢያ ሳይመጣ ሲቀር ነው። አንድ ዕቅድ ሥራው ሁሉ እየተሠራ፣ ሪፖርቱ እየቀረበ፣ ወዳልታሰበበት ቦታ የሚሄድ ከሆነ «ሐዲዱን ሳተ» አይገልጸውም። «መለወጫው የተያዘው ወደ ሌላ ነው» ብትሉት የባቡር ሰው ወዲያው ይገባዋል። ያ ብረት ደግሞ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሳይጣበቅ ከቀረ፣ በመሐሉ ትንሽ ድንጋይ ገብታ እንበል፣ ያኔ ፍላንጁ ክፍተቱ ውስጥ ሊገባና ባቡሩ ከሐዲዱ ሊወጣ ይችላል።

ሌሎቹም ሕዝቦች ከዚሁ ብረት አነጋገር አውጥተዋል፤ ያወጡት ግን የተለያየ ነው። ፈረንሳዮች «ዴራዬ» የሚለውን ከሐዲድ የመውጣት ግሥ አእምሮው ለተናጋና ለሚቀባጥር ሰው ይጠቀሙበታል። እንግሊዞች «ከሐዲዱ ወጣ» የሚሉት ጠባዩ ለተበላሸ፣ ሥርዓት ለለቀቀ ሰው ነው። በአማርኛ ግን አነጋገሩ ይበልጥ የሚያርፈው በጉዳይ ላይ ነው፤ ድርድሩ፣ ውይይቱ፣ ለውጡ፣ ዕቅዱ ሐዲዱን ሳተ እንላለን። ስለ ሰው ስንናገር «መሥመር ለቀቀ» ወይም «መንገድ ሳተ» ወደሚለው እንመለሳለን። ይህ የቋንቋችን ጆሮ ጥሩ መሆኑን ያሳየኛል፤ ሰውን በቅሎ ከሚሄድበት መንገድ ጋር አስቀርቶ፣ ብዙ ሰው የተሳፈረበትን ጉዳይ ግን ለባቡሩ ሰጠው።

ስለዚህ ለጥያቄዎ፦ ሁለቱም ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፣ እኩያ ግን አይደሉም። «ሐዲዱን ሳተ» የሚል ሰው አውቆም ሆነ ሳያውቅ ጥፋቱን በተጓዡ ላይ ጭኗል። «ከሐዲዱ ወጣ» የሚል ሰው ጥያቄውን ክፍት ትቶታል፤ ምናልባት ጠጠሩ ታጥቦ ይሆናል፣ ምናልባት ፍጥነቱ በዝቶ ይሆናል። ጋዜጠኛ ብሆን ምርመራው እስኪያልቅ ሁለተኛውን ብቻ ነበር የምጽፈው፤ ስለ ባቡርም ስለ ድርድርም። ተማሪ ሁለቱን ለይቶ ከተጠቀመ ግን ሙሉ ማርክ ይስጡት።

«ወደ ሐዲዱ እንመለስ» የሚለውም አብሮ የመጣ ነው፤ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው ጠረጴዛ መታ አድርጎ ይለዋል፣ በአንድ ደቂቃም የተመለሰ ይመስለዋል። ፉርጎ ሲመለስ ያየ ሰው ቃሉን እንዲህ አያቀልለውም። መጀመሪያ ጭነቱ ይወርዳል። ቀጥሎ የተበላሸው ሐዲድ ይጠገናል፤ ፉርጎው እስከዚያ እንደተጋደመ ይቆያል፣ በተሰበረ መንገድ ላይ ቢመልሱት ከአንድ ሜትር በኋላ እንደገና ይወርዳልና። ከዚያ ክሪክ ከሥሩ ይገባል፣ በየጥቂት ሳንቲ ሜትሩ ከፍ እያለ ጥርብ እንጨት እየተደራረበ ይደገፋል። ሐዲዱ ጎን ጎማውን እንደ መወጣጫ የሚያነሣ የብረት ቁራጭ ይቀመጥና ሎኮሞቲቩ በዝግታ ይስበዋል። ያኔ ማንም አያወራም። ፍላንጁ ሐዲዱን ተሻግሮ ወደ ቦታው ሲገባ የሚሰማው አንድ ከባድ «ድም» ነው፤ ያንን ድምፅ ሰምቼ እጄን ያላሻሸሁበት ቀን የለም።

ለልጁ ደግሞ የምሰጠው የቤት ሥራ አለኝ፤ ክፍል ውስጥ በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ነው። ከአፋቸው ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያሉ አራት አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ኩባያዎች ይፈልጉ። ሁለቱን አፍ ለአፍ ገጥመው በፕላስተር ያጣብቋቸው፤ መሐሉ ወፍራም፣ ዳርና ዳሩ ቀጭን ይሆናል፣ እንደ ባቡር ጎማ። ሌሎቹን ሁለቱን በተቃራኒው በጠባቡ ታቻቸው ያጣብቋቸው። ሁለት ቀጥ ያሉ የመጥረጊያ እንጨቶችን ጎን ለጎን አራርቀው ያጋድሙ፣ በአንድ ጫፋቸው ሁለት መጽሐፍ ያስገቡና ቁልቁለት ያድርጓቸው። መጀመሪያ አፍ ለአፍ የተጣበቀውን፣ ሆን ብለው ትንሽ አጣምመው ይልቀቁት። ወዲያ ወዲህ እያለ ራሱን እያቃና እስከ ታች ይወርዳል። ሁለተኛውን በዚያው መልክ ይልቀቁት፤ አንድ ጊዜ ከዘነበለ አይመለስም፣ ከግማሽ መንገድ ይወድቃል። ልጁ ጎንበስ ብሎ በእንጨቶቹ ከፍታ ይይ። ከወደቀ በኋላ ኩባያውን ለማንሣት እንዳይሮጥ፤ ጠመኔ ይስጡትና መጀመሪያ የዘነበለበትን ቦታ እንጨቱ ላይ ያስምር።